ሃያ ሦስቱ ጀሪካኖች

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በዳንግላው መንገድ ዳር ያለው የቀርቀሃ ፋብሪካ ውስጥ የባዶ ዕቃ መጋዘኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ የምትዞረው እናትነሽ ነበረች። በጽዳት ሠራተኝነት ገብታ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ቁልፉን ማንም በይፋ አልሰጣትም። አንድ ቀን በር ላይ ተሰክቶ አግኝታ ያዘችው፣ የሚጠይቃት ጠፋና የሷ ሆኖ ቀረ።

ቀርቀሃ እንዲሁ ከተዉት ነቀዝ ያደቅቀዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ቀርቀሃውን ከመሰንጠቁ በፊት የነቀዝ መድኃኒት ባለበት ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል። መድኃኒቱ የሚመጣው በሰማያዊ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ገንዳው ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ጀሪካኑ ባዶውን ይቀራል። ባዶ ጀሪካን ደግሞ በእኛ አገር ዕቃ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። እናትነሽ በአመድና በፈላ ውኃ ሦስት ሦስት ጊዜ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ ይገባዋል ላለችው ሰው ትሰጣለች። ጎጆ ለወጣች፣ ለወለደች፣ ቤቷ ለተቃጠለባት። አንድም ቀን ሸጣ አታውቅም። ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገር ነበር።

ፋብሪካው ለወለል የሚሆን የቀርቀሃ ጣውላ የሚገዛ የውጭ አገር ሰው ያገኘው አምና ነው። ገዢው ታዲያ ጣውላውን ብቻ አላለም። አካባቢውን እንዴት እንደምትይዙ የሚያሳይ ሥርዓት አቁሙና ሰርተፊኬት አምጡ አለ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ይሄነው ለዚህ ሥራ ቤዛዊትን ቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የዳንግላ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ የምትሰካ።

ቤዛዊት በመጀመሪያው ሳምንት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበችና አስረዳች። ምን እናስገባለን፣ ምን እናስወጣለን፣ የወጣው የት ይደርሳል፣ ይህን እንጻፍ። የጻፍነውን እንሥራ። ጥፋት ሲገኝ ጥፋቱንም እንጻፍ፤ ለምን እንደመጣ እንፈልግ፤ እናስተካክል፤ እንዳይደገም መንገዱን እንዝጋ። እናትነሽ ከኋላ ቆማ አዳመጠች። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ከትምህርት የወጣችው፤ ግን ነገሩ አልከበዳትም። ይህማ የቤት አያያዝ ነው፣ ስሙን አስረዘሙት እንጂ፣ ብላ አጠገቧ ላለችው ተናገረች።

ቤዛዊት ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ነገር እግር በእግር ተከተለች። ሰጋቱራው ወደ ምድጃ፣ አመዱ ወደ ድንች ማሳ፣ ቁርጥራጩ ወደ አጥር። የገንዳውን ውኃም ሳይቀር ወደ ወንዙ እንዳይሄድ በሲሚንቶ አስገደበች። በመጨረሻ ባዶ ዕቃ መጋዘኑ ደረሰች። መዝገቡ ላይ የገባው ጀሪካን ሠላሳ አንድ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያለው ስምንት። ሃያ ሦስቱ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች።

እናትነሽ በዚያ ሰዓት አንዱን በአመድ ታሽ ነበር። ቀና ሳትል በጣቷ እየቆጠረች ሃያ ሦስቱንም ተናገረች። ለማን፣ በየትኛው ወር፣ ለምን ጉዳይ። አንድ ስም አልደገመችም፣ አንድም አልዘለለችም። ቤዛዊት እየጻፈች ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«እትዬ እናትነሽ፣ ይህ እኮ መርዝ ነው። ቢታጠብም የሚበላና የሚጠጣ ነገር አይደረግበትም። ዕቃው ላይ ተጽፏል።»

«በማን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«እኔ ደግሞ በአመድ ነው ያጠብሁት» አለች እናትነሽ። «ሦስት ጊዜ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔም ቤት አለ፤ እነሆ አልሞትሁም። እንዲያውም ልንገርሽ፣ በዚህ ጀሪካን የተቀመጠ ባቄላ ነቀዝ አይነካውም። አገሩ ሁሉ የእናትነሽ ጀሪካን እያለ የሚፈልገው ለዚህ ነው።»

ቤዛዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነቀዙ ለምን ይሆን የማይነካው?» አለች በዝግታ።

እናትነሽ የያዘችውን ጀሪካን አየችው። እጇ ላይ ያለውን አመድ በቀሚሷ ጠረገች። ግን አልተሸነፈችም። ወደ ቤቷ ሄዳ ከጎረቤት የነቀዘ ባቄላ ለመነች። ግማሹን ቅል ውስጥ፣ ግማሹን የታጠበ ጀሪካን ውስጥ ጨመረችና ክዳናቸውን ገጠመች። በሦስተኛው ቀን ስትከፍት የቅሉ ነቀዝ እስከ አፉ ድረስ ይርመሰመሳል። የጀሪካኑ በጀርባው ተንጋሏል፤ አንድ የሚንቀሳቀስ የለም።  ቤቷ ያሉትን ሁለቱን ጀሪካኖች ባዶ አድርጋ ወደ ፋብሪካው ተሸክማ ሄደች።

«ሃያ አንድ ቀረ» አለቻት ለቤዛዊት።

ነገሩ አቶ ይሄነው ዘንድ ሲደርስ ሰውየው ራሱን ያዘ። ኦዲተሩ፣ ማለት ሥርዓቱን ሊመረምር ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው፣ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ይህን መዝገብ ላይ ባናሰፍረውስ አለ። ኦዲተሩ ፋብሪካውን እንጂ መንደሩን አያይም። ቤዛዊት ከንፈሯን ነከሰች፤ አለቃዋ ነውና ቃል አጠራት። እናትነሽ ግን አላጠራትም።

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም፣ አቶ ይሄነው። ሕፃናት ውኃ እየጠጡበት ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና ሰብስቢያቸው። በነጻ የሰጠሽውን በነጻ ተቀበይ።»

ይህ ለሱ ቀላል ነበር፤ እሱ የሰጠው የለምና። እናትነሽ ለጎጆ መውጫ፣ ለአራስ ጥየቃ የሰጠችውን በባዶ እጇ ሄዳ መልሱልኝ ልትል አትችልም። በዚያ መንደር የሰጠውን የሚቀማ ሰው ቀብር ላይ እንኳ ይወራበታል። ለእያንዳንዷ አዲስ ጀሪካን ይገዛ አለች። በጀት የለም አለ። እሷም እሺ ብላ ወጣችና መጋዘኑን ቆለፈች። በማግስቱ ከገንዳው የወጡ ባዶ ጀሪካኖች መግቢያ አጥተው አቶ ይሄነው መስኮት ሥር ተደረደሩ። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ሲነካቸው ሽታቸው ቢሮው ገባ። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሦስት አዳዲስ ቢጫ ጀሪካኖች በአይሱዙ መጡ።

እናትነሽ መንደሯ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ነው። አርብ ገበያ ላይ ላገኘቻት ሁሉ መልእክት ላከች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰማያዊውን ጀሪካን ወደኔ ግቢ ያመጣ ሁሉ አዲስ ቢጫ ይወስዳል። ይህን ብቻ አለች። ለምን እንደሆነ አልጨመረችም። ልትጨምር ፈልጋ ምላሷ አልታዘዝ አላት። ፋብሪካው ነው የፈለገው እያለች አለፈችው።

እሑድ ሴቶቹ መጡ። በአህያ፣ በጀርባ፣ በሁለት ሰው ሸክም። ቤዛዊትም በአይሱዙው መጥታ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። የመጀመሪያውን ጀሪካን ልታነሳ ስትል ከበዳት። ክዳኑን ስትከፍተው ገብስ ነው። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ጠላ። ሦስተኛው ላዩ በቢላዋ የተቆረጠ ነው፤ እስከ አፉ ድንች። ተልባ ያመጣች አለች፣ ጎመንዘር ያመጣች አለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ቤዛዊት።

እናትነሽ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። በዚያ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ባዶ መመለስ ቤትሽ ባዶ ይሁን እንደማለት ነው። ጀሪካኑ ደግሞ ወደ ሰጪዋ ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ሁሉም የቤቱን አሟጦ ሞልቶታል። ምክንያቱን ነግራቸው ቢሆን ኖሮ ባዶውን ያመጡ ነበር። ዝም ያለችው እሷ ናት።

ተነሥታ ቆመች። የተናገረችው በአዊኛ ነበር፤ ቤዛዊት አንድ ቃል ባይገባትም ድምፁ ገብቷት አንገቷን ደፋች።

«ስሙኝ። ይህ ዕቃ መርዝ ነበረበት። አጠብሁት፤ መርዙ ግን አልወጣም። በየቤታችሁ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው የሰጠኋችሁ። ካወቅሁ በኋላ ግን አፍሬ ሳልነግራችሁ ጠራኋችሁ፤ እናንተም እህላችሁን መርዝ ላይ አፈሰሳችሁ። የመጀመሪያውን ይቅር በሉኝ፤ ሁለተኛውን ይቅር ባትሉኝም አልፈርድባችሁም።»

 አንዲት አህያ ጆሮዋን አራገበች። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ዋጋዬ በትራቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ።

«ለካ የኔ ባቄላ ነቀዝ የማያውቀው ለዚህ ኖሯል» አሉ። «እኔ እኮ ጸሎቴ መስሎኝ።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። እማማ ዋጋዬ ቀጠሉ። «አምና ሆዴን ሲቆርጠኝ ደግሞ በምራቴ ነበር ያሳበብሁት። የሰጠችኝ ሹሮ ነው ብዬ።»

ምራታቸው እዚያው ተቀምጣለች። «እንግዲያው እማማ፣ ይቅርታው ለሁላችንም ይዳረስ» ስትል ግቢው በሳቅ ሞላ። እናትነሽ ግን ሳቁ መካከል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እህሉ ነበር የከበደው። እህል መድፋት ኃጢአት ነው፤ ለዶሮ እንኳ ይሁን ያለች ነበረች። ቤዛዊት ዶሮዋን ማን ይበላል ብላ ጠየቀችና ነገሩ ቆመ። ሁሉም ከነጀሪካኑ ታሽጎ አይሱዙው ላይ ተጫነ። እናትነሽ በምትኩ ከእኔ ጎታ ውሰዱ ብትል የሚሰማት አጣች። በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ዞራ ልጆቹን አየች። የታመመ አልተገኘም፤ ያመመው ካለ ቶሎ እንዲመጣ አስጠንቅቃ ሄደች።

ቤዛዊት መዝገቡ ላይ በሥርዓቱ አሰፈረችው። አደገኛ ተረፈ ምርት፦ ገብስ፣ ድንች፣ ተልባ፣ ጎመንዘር፣ ጠላ። አቶ ይሄነው አንብቦ ሲጨርስ፣ ጠላ አደገኛ መሆኑን ሚስቴ ከነገረችኝ ቆይታለች አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱ ትንሽ ተፈታ።

እናትነሽ ስትቆጥር ግን የሷን ሁለት ጨምሮ የተመለሰው ሃያ ሁለት ነበር። አንዱ አልመጣም። የስሜነሽ።

ስሜነሽ የእናትነሽ ሟች ባል እህት ናት፤ ሁለቱ ከጥንትም አይስማሙም። እሑድ ከጥሪው የቀረችው አውቃ ነው። ወሬው ደግሞ ከግቢው ሳይወጣ ደርሷታል። እናትነሽ ቢጫውን ጀሪካን በሰው ላከችላት፤ መለሰችው። መርዝ ነው ብላ ላከችባት፤ እሷ ራሷ ካልነገረችኝ አላምንም አለች። እናትነሽ ደግሞ ጠርቻት የቀረች እሷ ናት፣ ትምጣ አለች። የስሜነሽ ምራት እመቤት የሁለት ወር አራስ ናት፤ ውኃዋ ከምንጭ የሚቀዳው በዚያ ሰማያዊ ጀሪካን ነው። ይህን እናትነሽ ታውቃለች። ታውቃለችና ሰኞ ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ አልሠመረላትም። መጥረጊያውን ትታ ባልዲ ታነሣለች፣ ባልዲውን ትታ ቁልፉን ትዳስሳለች። ግን አልሄደችም።

ማክሰኞ ኦዲተሩ መጣ። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ወረቀት ሲገልጥ ጣቱን የማያርስ ሰው ነው። ገንዳውን አየ፣ ግድቡን አየ፣ ከዚያ መዝገቡን ይዞ ተቀመጠ። ቀደም ብሎ ጠዋት አቶ ይሄነው ሃያ ሦስት ተመልሷል ብለን እንፈርም፣ አንዱ ነገ ይመጣል ብሎ ነበር። ተቀባይ በሚለው ላይ የምትፈርመው እናትነሽ ናት። እስክሪብቶውን አልነካም አለች።

ኦዲተሩ ገብስና ጠላው ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህን ያደረገው ሰው ይጠራልኝ አለ። እናትነሽ ገባች። ወንበር አሳያት፤ ቆማ ቀረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ የሞተውን ነቀዝም የእማማ ዋጋዬን ጸሎትም አልተወችም። ሰውየው አልሳቀም፣ ከንፈሩ ግን አላስቻለውም። እንዳይደገም ምን አደረጋችሁ ሲል ጠየቀ።

«እንደ ቢራ ጠርሙስ ነው ያደረግነው» አለች። «ባዶውን ሳያስረክብ ሙሉውን የሚወስድ የለም አይደል? መድኃኒቱን የሚያመጣልን ነጋዴም ባዶውን ቆጥሮ ሳይጭን ሙሉ አያወርድም። ተዋውሏል።»

ቤዛዊት ውሉን አሳየችው። ሐሳቡ የማን ነው አለ፤ ቤዛዊት በአገጯ ወደ እናትነሽ ጠቆመች።

«ጥሩ። እዚህ ላይ ሃያ ሁለት ይላል። ሃያ ሦስተኛው?»

አቶ ይሄነው ጉሮሮውን ጠረገ። እናትነሽ ቀደመችው። አልመጣም አለች።

ኦዲተሩ ያልተዘጋ ጉድለት ብሎ ጻፈ። ይህ ሳይዘጋ ሰርተፊኬቱ አይፈረምም አለ፤ እንደ ቁጣ አይደለም፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ዞሮ የዚህ መንስኤ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ ሙዪው አላት። ቤዛዊት እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ መዘዘች። ሴትየዋ እምቢ ስላለች ብላ ጀመረች።

«ተይው እሱን» አለች እናትነሽ።

«ምን ልጻፍ ታዲያ?»

እናትነሽ መዝገቡን ቆማ አየችው። በሌሎቹ ገጾች ሁሉ ለምን፣ ለምን፣ ለምን እየተባለ እስከ ሥሩ ተቆፍሯል። ግድቡ ለምን ፈሰሰ፤ ሲሚንቶው ስላነሰ። ለምን አነሰ፤ ስላልተለካ። እዚህ ላይ ስሜነሽ እምቢ ስላለች ብሎ ማቆም ለራሷም አላምር አላት።

«ጻፊ» አለች። «እናትነሽ ስላልሄደች። ለምን አልሄደችም? ግትር ስለሆነች።»

ቤዛዊት ቀና ብላ አየቻት። «እንዲህ ብዬ?»

«እንዲህ ብለሽ። ማስተካከያው ላይ ዛሬ ትሄዳለች በይ።»

ከዘንገና መገንጠያ ድረስ በባጃጅ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ በእግሯ። ስሜነሽን ድንች ስትቆፍር አገኘቻት። ስሜነሽ አየቻት፣ ቆፈሯን አላቋረጠችም። እናትነሽም ደህና ዋልሽ ብላ ማሳው ጫፍ ላይ ቆመች። ስሜነሽ አንዱን ቦይ ጨርሳ ሌላውን ጀመረች።

«ለሃያ ሰው ቆመሽ ተናገርሽ» አለች ስሜነሽ በመጨረሻ። «ለባልሽ እህት ግን መልእክተኛ። ለምን?»

«ከሁሉ የከበደኝ ባንቺ ፊት ስለነበር።»

«ምኑ?»

«ተሳሳትሁ ማለቱ። ጎጆ ከወጣሁ ዕለት ጀምሮ እየተፋጠጥን እዚህ ደረስን፤ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ልክ ነሽ ብዬሽ አላውቅም።» ትንፋሽ ወሰደች። «ዕቃው መርዝ ነው፣ ስሜነሽ። የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ለልጅቱ ስትወልድ ደስ ብሎኝ ነው ያመጣሁት። አጠፋሁ።»

ስሜነሽ መቆፈሪያውን ተወችና ወገቧን ይዛ ቀና አለች። እናትነሽን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ያረጀ ቂም ፊቷ ላይ መቀመጫ ሲፈልግ ያስታውቃል፣ አላገኘም።

«ሞኝ መሰልሁሽ?» አለች። «ከእሑድ ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልተቀዳበትም። ያውልሽ።»

ጀሪካኑ ከቤቱ ጀርባ አጥር ላይ አፉን ወደ መሬት ተደፍቶ ተሰቅሏል። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፣ ልጆች እንዳይነኩት። እናትነሽ ባየችው ጊዜ ቦይ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ወርዶ መሬት የገባ መሰላት።

«ታዲያ ምነው አልላክሽውም?»

«አንቺን ልይ ብዬ ነዋ» አለች ስሜነሽ።

እመቤት ልጇን ታቅፋ ከቤት ወጣችና ሁለቱን ማሳ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስሜነሽ ከድንቹ ቀቅላ አቀረበች፤ በአዋዜ በሉ። ሕፃኑን እናትነሽ ያዘችው። ወፍራም ነው፣ ጩኸቱም ሙሉ ነው። ቢጫውን ጀሪካን ነገ ራሴ አመጣዋለሁ አለች፤ ስሜነሽ ደግሞ ክዳኑ የማያፈስ ይሁን አለች፤ በዚህ ትንሽ ተከራከሩ።

ስትሄድ ስሜነሽ እስከ ጥርጊያው መንገድ እሸኝሻለሁ ብላ ተነሣች። ሰማያዊውን ጀሪካን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ደግሞ ተጓተቱ፤ በኋላ እጀታው ላይ እንጨት አሳልፈው ሁለቱ ያዙት። ባዶ ነው፣ አንድ ሰው በጣቱ ያነሣዋል። ቢሆንም እንደዚያ ሄዱ። ኔትወርኩ የሚይዝበት ዳገት ላይ ሲደርሱ እናትነሽ ስልኳን አወጣች።

«ቤዛ፣ ሃያ ሦስት ብለሽ ጻፊ። እጄ ላይ ነው።»

«እሰይ እትዬ» አለች ቤዛዊት። «ግን ዕቃውን ሳላየው አልጽፍም።»

«ይዤዋለሁ እያልሁሽ።»

«መጋዘን ገብቶ፣ ፈርመሽ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት አለሁ።»

እናትነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ለስሜነሽ የተባለውን ነገረቻት። ስሜነሽ ይህችን ልጅ የወለደች እናት ትባረክ አለች፤ ላንቺ እንዲህ ዓይነቷ ነበር የምታስፈልግሽ። እናትነሽ እየሳቀች እርምጃዋን ፈጠን አደረገች፤ ስሜነሽም ከእንጨቱ ማዶ እየጎተተች፣ ቀስ በይ እያለች ተከተለቻት።